ሚዛኔን ከማንሳታችሁ በፊት፦ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በከተማው ዳር ቦታ ለምትደለድሉ፣ ፈቃድ ለምትሰጡና ግብር ለምትተምኑ ኃላፊዎች በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ስለ ሃይላንድ፣ ስለ ሚዛንና ስለ እንጀራ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያገለገለ ፕላስቲክ እየገዛሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። ቦታዬ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ናት። ውስጧ አንድ ሚዛን፣ አንድ መፍጫ ማሽን፣ የማዳበሪያ ክምርና ስምንት ሴቶች አሉ። የሰፈሩ ልጆች “እትዬ ሃይላንድ” ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ይከፋኝ ነበር። አሁን የአይሱዙ ሾፌሮች ሳይቀሩ ስልካቸው ላይ በዚሁ ስም ነው የመዘገቡኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ የገጠሙኝ ሁለት ነገሮች ናቸው።

ሰኞ ዕለት ስብሰባ ተጠራሁ። ርዕሱ “ሰርኩላር ኢኮኖሚ” ነበር። ዕቃን ሠርቶ፣ ተጠቅሞ መጣል ቀርቶ መጠገን፣ ደግሞ መጠቀም፣ ሲያልቅለትም አቅልጦ ሌላ ዕቃ ማድረግ ማለት ነው አሉን። ሥራ ይፈጥራል፣ ለድርጅቶችም ትርፍ ያመጣል ተባለ። አጨበጨብኩ። እውነት ነዋ! ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ ታደለ። ስብሰባው ሲያልቅ ባዶውን ጠርሙስ መሰብሰብ ጀመርኩ። ጥበቃው “እናቴ፣ ተይው፣ የጽዳት ሠራተኞች አሉ” ብሎ አስጣለኝ። ዞር ስል ጠርሙሱ በሙሉ ከቡና አተላና ከኬክ ትርፍራፊ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ ገባ።

ሐሙስ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ደብዳቤ ይዞ ግቢዬ መጣ። ግቢው የአካባቢውን ገጽታ ስለሚያበላሽ በ15 ቀን ውስጥ ይነሳ ይላል። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጽፍም። ሰውየውም የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰኞ የተጨበጨበለት ነገር እንዴት ሐሙስ ይፈርሳል?

ስለዚህ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በዚህ ሥራ እንጀራውም ትርፉም የሚወጣው ከመለየቱ ነው። ማሽኑ የሚመጣው በኋላ ነው።

እስቲ አንድ ሃይላንድ ተከተሉ። ሃይላንድ እኛ አገር ውሃው ሲያልቅ አያልቅለትም። አንዱ ጸበል ይቀዳበታል። አንዱ ዘይት ያስቀድበታል። አረቄ፣ በረኪና፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ላምባ ሁሉ ይገባበታል። ይህም ራሱ ሰርኩላር መሆኑን ስብሰባው ላይ ማንም አላነሳውም። መጨረሻ ላይ ቁራሌው እጅ ይገባና በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ እኔ ጋ ይመጣል። የግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ከ10 እስከ 15 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ70 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ለአንድ ኪሎ 100 ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል ማለት ነው።

ግቢዬ ሲደርስ ሴቶቹ ይቀበሉታል። ክዳኑ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ። ነጩ፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው ለየብቻ። ዘይት የነካው ወዲያ። ላምባ የነካው ጭራሽ ከግቢ ውጭ። ጠርሙሱ የሚሠራው ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑ ግን ሌላ ዘር ነው። ፈጭታችሁ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ጠርሙሱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። እስከዚህ ድረስ ውሃ ራሱ ያግዛችኋል። መከራው ፒቪሲ የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ላይ ነው። መልኩ ፔት ይመስላል፣ እሱም ይሰምጣል። ፔት ሲቀልጥ ሙቀቱ 260 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ፒቪሲ እዚያ ሳይደርስ ይበላሽና አሲድ ያወጣል። ጥቂት ከገባ ብዙ ኪሎ ያጠፋል። ከእኛ መሃል አንዷ ጠርሙሱን ጨምደድ አድርጋ፣ የታጠፈው ላይ ነጭ መስመር ካየች “ይሄ ሌባ ነው” ብላ ትወረውረዋለች። ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እሷን የሚተካ ማሽን ቢኖር እንኳ እኔ አልችለውም፣ እናንተም በቅርብ የምትገዙልኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ጀሪካንና ክዳን የሚገዛኝ አንድ ፋብሪካ አለ። ጥቁር የውሃ ቱቦና ባልዲ ይሠራል። አዲሱ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚመጣው ከውጭ፣ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መቶውን አለፈ። የፋብሪካው ባለቤት በቀን ሦስት ጊዜ ይደውልልኝ ጀመር። ከውጭ የሚመጣው እሳት ሆኖበታል። “እትዬ፣ ያለሽን ሁሉ ላኪ” ይለኛል። ድሮ እኔ ነበርኩ የምለምነው።

ጠገብኩ መሰለኝ። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ሲለዩ ሳይ ጊዜ የሚያባክኑ መሰለኝ። ስምንቱን ወደ አራት ቀነስኩ። የቀሩትንም “እሱ ይግዛ እንጂ፣ አትጨነቁ” አልኳቸው። ጀሪካኑን ከነክዳኑ፣ ከነጭቃው፣ አንዳንዱንም ከነዘይቱ አስጫንኩ። ሁለት ሳምንት ጥሩ ሸጥኩ። ቤቴ ሥጋ ገባ።

በሦስተኛው ሳምንት የላክሁት ጭነት እንዳለ ተመለሰ። ሰውየው አብሮ መጣ። እንዲያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። የማሽኑ ወንፊት በቆሻሻ ተደፍኖ በየሰዓቱ እያቆሙ ይቀይሩ ነበር። የተሠራው ቱቦም ውሃ ሲለቀቅበት እየፈነዳ ደንበኞቹ መልሰውለታል። የሌሊቱን ፈረቃ ዘግቶ ነው የመጣው። የሌሊት ፈረቃ ማለት ሰው ነው። ስንት ሰው እንደሆነ ጠየቅሁት። “ልንገርሽና እንቅልፍ ትጪ?” አለኝ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እኔ አራት ሴት ቀንሼ አተረፍኩ ያልኩት፣ እዚያ ማዶ አንድ ሙሉ ፈረቃ አስዘጋ። ከዚያ ስልክ መታሁና ሴቶቹን አንድ በአንድ ለመንኳቸው። ሦስቱ መጡ፣ አንዷ ልብስ ስፌት ገብታ ስለነበር ሌላ ተካሁ። በወሩ ፋብሪካው ከበፊቱ በተሻለ ዋጋ ይገዛኝ ጀመር፣ ምክንያቱም የእኔን ጭነት ደግሞ ማጠብ አያስፈልገውም። ስብሰባው ላይ “ሥራ መፍጠር” እና “ውጤታማ ድርጅት” በሁለት የተለያየ ስላይድ ነበር የቀረቡት። እኔ ግቢ ውስጥ ሁለቱ የአንዲት ሴት ሁለት እጆች ናቸው።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ዓለም ወደዚህ አሠራር ቢዞር እስከ 2030 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሥራ ይገኛል ብሏል። ከማዕድን ማውጣትና አዲስ ዕቃ ከማምረት የሚቀነስ ሥራ አለ፣ በመሰብሰብ፣ በመጠገንና መልሶ በመጠቀም የሚጨመረው ይበልጣል ነው ሂሳቡ። ደስ ይላል። ግን የሚጨመረው ሥራ ምን ዓይነት ነው? እኔ ጋ ያለው ሥራ ጎንበስ ብለው የሚውሉበት ነው። መርፌ ይወጋል፣ ጠርሙስ ይቆርጣል። እውነቱን ልናገርና፣ ጓንት የገዛሁት የአንዷ እጅ ተቆርጦ ጤና ጣቢያ ከወሰድኳት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት “ጓንት ያንሸራትታል” እያልኩ አልፈው ነበር። ብዙ ሥራ ተፈጠረ ስትሉ እነዚህን እጆችም ቁጠሯቸው።

ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ሴት ያደገችው ቆሼ አጠገብ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው አልቋል። ስለዚያ ቀን አታወራም፣ እኛም አንጠይቃትም። ያ ክምር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ሁሉ ተደባልቆ የተከመረበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ቦታ ተከፍቶ ነበር፣ ገበሬዎቹ ተቃውመው በወራት ውስጥ ተዘጋና መኪናው ሁሉ ወደ ቆሼ ተመለሰ። የእኛን ቆሻሻ ጎረቤት ደጃፍ ወስዶ መድፋት መፍትሔ እንዳልሆነ ያን ጊዜ መማር ነበረብን።

ከዚያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነው የታቀደው። ጣቢያውን አልቃወምም። ግን አንድ ነገር አስቡ። እሳት የሚወደው ደረቁን ነው፤ ካርቶንና ፕላስቲክ። እኛም የምንኖረው በሱው ነው። ከከተማው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍ፣ ቅጠል። እርጥብ ስለሆነ ለእሳት አይመችም፣ ለኮምፖስት ግን ይሆናል። ሳይለያይ በአንድ መኪና ሲጨመቅ ደረቁ ይርሳል፣ እርጥቡም ውስጥ ፕላስቲክ ይገባበታል። እሳቱም፣ ማሳውም፣ እኔም እንከስራለን።

ሰርኩላር የሚባለውን ነገር ከውጭ እንደመጣ ዕቃ ስታስተዋውቁን ፈገግ እላለሁ። “ቁራሌው!” የሚለው ድምፅ ከማንቂያ ደወል በላይ ስንቱን ቀስቅሷል። ልዋጮች አሮጌ ልብስ ተቀብለው ሳህን ይሰጣሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ከበርሜል ምጣድ፣ ከቆርቆሮ ማንደጃ ሲወጣ ታያላችሁ። ከጎማ በርባሶ ይሠራል። ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ የከተማው ዳር ላሞች ይበሉታል፣ ወተቱን እኛ እንጠጣዋለን። አባቴ ላም ነበረው። ፋጉሎ ሲወደድ ወተት እንደሚወደድ ያወቅሁት ገና ሕፃን ሆኜ ነው። ይሄን ይሄንን ስታስቡ ወደዚህ መጥታችሁ ከማስተማራችሁ በፊት ትንሽ ብትጠይቁን ምን ይመስላችኋል?

ጠርሙስንም ተመልከቱ። ሱቅ ሄዳችሁ ለስላሳ ወይም ቢራ ብትጠይቁ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚላችሁ “ጠርሙስ ይዘሃል?” ነው። ካልያዛችሁ ማስያዣ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ የቢራ ጠርሙስ መንገድ ላይ ወድቆ አታዩም። ታጥቦ ተመልሶ ይሞላል። ሃይላንድ ግን ማስያዣ የለውም፣ ቦይ ውስጥ ነው የምታገኙት። ጀርመኖች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት የመጠጥ ጠርሙስ ላይ 25 የዩሮ ሳንቲም ማስያዣ ያስከፍላሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል። እኛ በአንድ ጠርሙስ አንድ ብር ብናስይዝ፣ ያ ጎንበስ ቀና የሚለው ሰው በኪሎ ስንት እንደሚያገኝ አስሉት። በኪሎ ከ70 እስከ 100 ብር ነው። ከእኔ የሚያገኘውን አልነግራችሁም፣ አፍራለሁ።

ስለ ፌስታል ብዙ አልልም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱ ፌስታል ተከልክሎ ነበር፣ ማንም አልሰማም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ጠበቅ ብሏል። እኔ ለፌስታል አላለቅስም፣ መፍጫዬ ላይ እየተጠመጠመ አሰልችቶኛል። የሚሠሩት ሰዎች ግን ወዴት እንደሚሄዱ አስባችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ከማዳበሪያ ከረጢት ዘንቢል መስፋት ጀምረዋል። ዚፕ ሁሉ አለው።

አሁን ወደ ደረሰኝ። ይህን በደንብ አንብቡልኝ።

አንድ ዓመት ሂሳቤን ይዤ ግብር ልከፍል ሄድኩ። የሸጥኩበት ደረሰኝ ሙሉ ነው። “የገዙበትስ?” ተባልኩ። ከማን ነው የምገዛው? ከቁራሌው። ቁራሌው ደረሰኝ የለውም፣ ጆንያ ነው ያለው። ስለዚህ የገዛሁበት ብር ወጪ ተብሎ አልተያዘልኝም። በወረቀት ላይ የሸጥኩት በሙሉ ትርፍ መሰለ። አንድ ቀን ሙሉ ተሟገትኩ። ጽሕፈት ቤት ያለው ልጅ አዘነልኝ፣ ግን “እትዬ፣ እኔም እጠየቃለሁ” አለኝ። አልፈረድኩበትም። ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? እንዳላድግ እጠነቀቅ ጀመር። ሁለት ሴት ልጨምር አስቤ ተውኩት። አንድ ትልቅ ፋብሪካ በወር በወር ውል እንፈራረም ሲለኝ ሸሸሁ። ብዙ በሸጥኩ ቁጥር የማላገኘው ትርፍ ይቆጠርብኛላ! የማውቃቸው ሌሎች ደግሞ ጭራሽ ያለ ፈቃድ መሥራቱን መርጠዋል። እነሱን ገጽታ አበላሹ ብላችሁ አታገኟቸውም፣ ማታ ማታ ነው የሚጭኑት።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። ከአንድ ዓመት ወዲህ ለቁራሌዎች የምከፍለው በቴሌብር ነው። ቀኑ አለ፣ ብሩ አለ፣ የተቀባዩ ስልክ አለ። ሚዛኑ ላይ ደግሞ ኪሎውንና ዓይነቱን በደብተር እጽፋለሁ፣ ያስረከበው ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችለው በጣቱ ያትማል። ይህን እንደ ግዢ ማስረጃ ተቀበሉን። ከፈለጋችሁ ጣሪያ አብጁለት፤ በቀን ከዚህ በላይ ከአንድ ሰው መግዛት አይቻልም በሉ። ማጭበርበር እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ጆንያ ውስጥ ድንጋይ አግኝቼ አውቃለሁ፣ ውሃ የተሞላ ሃይላንድም መዝኜ ገዝቻለሁ። በዚህ ምክንያት ሚዛኔን አልጣልኩም፣ ጆንያ መዘርገፍ ጀመርኩ እንጂ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦታ ነው። ገጽታ ያላችሁትን ይገባኛል። ክምሩ አያምርም። ክረምት ላይ ሽታም አለው። ግን ወደ ሩቅ ብትወስዱኝ ቁራሌው አይከተለኝም። በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ጆንያውን ለባጃጅ ቢያስጭነው ለባጃጁ ይሠራል እንጂ ለልጆቹ አይተርፈውም። ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ለሰው ዓይን በማይታይ ቦታ፣ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ያለው አንድ ሼድ ስጡን። ጣሪያ ስል ለምቾት አይደለም። ዝናብ የመታው ካርቶን ይበሰብሳል፣ ጭቃ የነካው ጀሪካን ሁለት ጊዜ ይታጠባል፣ ውሃው ደግሞ እዚህ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አጥሩን እኛ እንቀባለን። ቀለሙን እናንተ ምረጡ።

በዚያው አፋችሁ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችን አነጋግሩልን። ምንም የረቀቀ ነገር አልፈልግም። በየብሎኩ ሁለት ማዳበሪያ ይሰቀል፤ አንዱ ለደረቅ፣ አንዱ ለእርጥብ። ኮዬ ፈጬ ያለች አንዲት አክስት በራሷ ፈቃድ ይህን ብሎኳ ላይ ጀምራለች። ከእሷ የሚመጣውን ሴቶቹ “የሰርግ ዕቃ” ይሉታል፣ ከንጽሕናው የተነሳ። ከሌላው ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ከእሷ በአምስት ደቂቃ ይጨርሱታል። እኔም የተሻለ ዋጋ እከፍላታለሁ፣ ብሩን ለብሎኩ አምፖል ያደርጉታል።

የቲታነስ ክትባትና ጓንት ብትጨምሩልን ደግሞ አንጠላም። ጓንቱን እኔ ልግዛ። ክትባቱን እናንተ።

ዛሬ ከ15 ቀኑ ዘጠነኛው ነው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ጭነት ስላለብን ግቢው ይጨናነቃል፣ ረቡዕ ብትመጡ ይሻላል። ነጭ ጫማ አታድርጉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
እትዬ ሃይላንድ
ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሚዛኑ አጠገብ

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው ባለቤት (የባለፈው ጭነት ሂሳብ እስካሁን አልገባም)
ለስብሰባው አዘጋጆች (በሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙሶቹን ለእኔ ተዉልኝ)